የአቶ ገብረ ሚካኤል የቀብር ተኩስ

ጠብመንጃ ጠጋኙ እንዳላማው በደብረ ወርቅ ዙሪያ የተከበረው በእጁ ሙያ ብቻ አይደለም፤ ወሬ ባለማውጣቱም ነው። የሰው መሣሪያ እጁ ሲገባ የባለቤቱን ጉድ አብሮ ያውቃል፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ። ያን ሁሉ ሆዱ ውስጥ ይዞ ሃያ ዓመት ኖሯል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ይሄይስ የሟች አባቱን ኤስ ኬ ኤስ ጠብመንጃ አንግቶ፣ እናቱንና እህቱን አስከትሎ ደጁ ላይ ሲቆም፣ ገና ሰላምታ ሳይለዋወጡ የመጡበት ገባው።

ነገሩን አገር ሁሉ ሰምቶታል። አቶ ገብረ ሚካኤል የተቀበሩ ዕለት፣ ወጉ ነውና፣ አስከሬኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሊገባ ሲል ልጃቸው ሦስት ጊዜ ሊተኩስ ወጣ። ቃታውን ሳበ፤ ቀጭ ብሎ ዝም። አቀባብሎ ደገመ፤ ዝም። ሦስተኛውም ያው። ስንቱን ደመኛ ያስታረቁ ሰው እንደ አልባሌ አፈር ገቡ። በነጠላው አፉን ሸፍኖ የሳቀ ነበር ይባላል፤ እንዲህ ያለውን ሰው እግዜር ይይለት እንጂ ምን ይባላል!

«ነገ አርባው ነው፣ አያ እንዳላማው» አለ ይሄይስ። «ተዝካሩ ላይም ከከሸፈብኝ አገር ጥዬ እጠፋለሁ። ጠብመንጃው ከሆነ ይንገሩኝ። እኔ ግን ጥይቱ ነው ባይ ነኝ። የፋብሪካ ነው፣ እንደታሸገ ነው ብሎ አበባው የሞተ ጥይት አሸከመን።»

አበባው የእህቱ የየኔዓለም ባል ነው። ከአራት ዓመት በፊት አማቱን ለማክበር አንድ ሣጥን ጥይት አምጥቶ ሰጥቷቸው ነበር። ከቀብሩ በኋላ የኔዓለም ሁለት ልጆቿን አባታቸው ቤት ትታ እናቷ ዘንድ ገብታለች። ይሄይስ ደግሞ ነገ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ እያለ፣ በካህናቱና በሽማግሌዎቹ ፊት ጋብቻውን ሊያፈርስ ምሏል። እሷ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መሬት መሬት ታያለች።

እንዳላማው መሣሪያውን ፈታታው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ አልጎበጠም፣ ሞላው አልላላም፣ ውስጡ ንጹሕ ነው። መልሶ ገጠመውና ከራሱ ጥይት ሁለት አጎረሰው። በዚህ ዘመን ተኩስ ሲሰማ የማይደነግጥ የለምና አስቀድሞ ጎረቤቶቹን ጮክ ብሎ አስጠነቀቀ፤ ከዚያ ጓሮው ውስጥ ወዳለው የአፈር ግንብ ተኮሰ። ጠብመንጃው ጮኸ፣ ቀለሃውን ተፍቶ ሁለተኛውን በራሱ ጎረሰ፣ ደግሞ ጮኸ።

«ጠብመንጃው ጤነኛ ነው።»

«አላልኩም!» ይሄይስ ብድግ አለ።

«ቁጭ በል፤ ገና ነው።»

አሁን ይሄይስ ካመጣው የጥይት ሣጥን አንድ አውጥቶ አጎረሰ። ቀጭ። ዘግይቶ የሚፈነዳ አለና አፈሙዙን ከግንቡ ሳያነሳ፣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት እስኪደገም ድረስ ጠበቀ። ከዚያ ጥይቱን አውጥቶ ቂጡን አየው። መርፌው በደንብ ወግቶታል። ጥፋቱ እንግዲህ ከጥይቱ ሆድ ነው። በጉጠት እርሳሱን ነቅሎ ባሩዱን መዳፉ ላይ ሊያፈሰው ገለበጠው። እንደ ጤፍ መፍሰስ የነበረበት ባሩድ ተላቁጦ አልወርድ አለ። አሸተተው። ኑግ ኑግ ይላል።

«እመት ወለተ ሰንበት» አለ ወደ እናትየው ዞሮ፣ «ይኸን ጥይት ዘይት ነክቶታል?»

«ነክቶታል እንጂ!» አሉ ባልቴቷ፣ ፊታቸው በራ ብሎ። «እሱ አልጋ ከያዘ ጀምሮ፣ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየወሩ ሚካኤል ሲደርስ አንድ ባንድ በኑግ ዘይት የወለወልኩት እኔ ነኝ። ለዚያች ቀን ዝገት ሳይነካው እንዲቆይለት ብዬ።»

እንዳላማው ሣጥኑን ሲፈትሽ ከሥር ወረቀቱ ያልተቀደደ፣ ዘይት ያልደረሰበት አንድ ጥቅል አገኘ፤ ቂጡ ላይ ያለው ቁጥር ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ቀደደው። ሦስት ተኮሰ፣ ሦስቱም አካባቢውን አናወጡት። የአበባው ጥይት ምንም አልነበረበትም።

ይሄይስ ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። ማየቱ ብቻ በቃ። ባልቴቷ ጥይቱን የወለወሉበትን እጃቸውን ገልብጠው አዩት።

«እኔ ነኛ!» አሉ። «ድምፁን ያፈንኩበት እኔ ነኛ! እኔ እኮ ይኸን ሁሉ ቀን፣ ጠብመንጃው ዝም ያለው ባሌ ቂም ይዞብኝ ቢሄድ ነው እያልኩ ሳለቅስ…»

እንዳላማው ያን ጊዜ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። እሳቸው ረስተውታል፤ እሱ ግን አልረሳውም። የዛሬ አራት ዓመት፣ የቅዳሜ ገበያ ቀን ነበር፣ ደጁ በሰው ተጨናንቆ፣ እሳቸው የታመሙ ባላቸውን ጠብመንጃ ይዘው ቆመው። «ዘይት አይለየው ብለኸኛል፤ ጥይቱንስ?» ብለው ጠየቁት። አንገቱን ከሥራው ሳያነሳ «እሱንም ይቀቡት» አለ። ቶሎ ሄደውለት ወደሚቀጥለው ሰው እንዲዞር ብቻ ነበር። ጥይት ዘይት እንደማይወድ ከማንም በላይ ያውቃል። አሁን ውስጡ ሁለት ነገር ያዘው፤ የሃያ ዓመት ስሙና የእኒህ ሴት እጅ። እጃቸውን ማየት አልቻለም።

«እርስዎ አይደሉም» አለ። «እኔ ነኝ። ቅቡት ያልኩዎ እኔ ነኝ፤ በዚያች ቅዳሜ። ሳላስብ ነው የመለስኩልዎ። አቶ ገብረ ሚካኤልን ያለ ተኩስ ያስቀበርኳቸው እኔ ነኝ።»

ወለተ ሰንበት ዓይናቸውን ጨፍነው አስታወሱ፤ ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ይሄይስ ግን ደሙ ፈላ። ጠብመንጃውን ከእንዳላማው እጅ ነጠቀና፣ «ነገ ካህናቱ ፊት ቆመህ ትናገራለህ!» አለው፤ አንቱታው እዚያው ቀረ።

«እናገራለሁ» አለ እንዳላማው። «ዛሬውኑ አበባው ቤት ሄጄም እናገራለሁ። ይቅርታ ጠይቄ ይዤው እመጣለሁ።» ይህን ሲል ደረቱን ቀለል አለው፤ እውነት ነው፣ ቀለል አለው።

ይኼኔ የኔዓለም ከጠዋት ጀምሮ ያልተነሳውን ራሷን ቀና አደረገች።

«ወንድሟ ነው ያመጣት ይላል አገሩ» አለች። «ማንም አላመጣኝም። በልጆቼ ፊት ‹አባቴን ያዋረድክ ሌባ› ብዬ ፊቱ ላይ ተፍቼበት በእግሬ ነው የወጣሁት። እሱ አንድ ቃል አልመለሰልኝም፤ ምራቄን እንኳ አልጠረገውም። እርስዎ ሄደው ይነግሩታል፣ እሱም ይምርዎታል። እኔ ምን ብዬ ልግባ፣ አያ እንዳላማው?»