አሥራ አንድ እጅ ለቱቱ ማካና

እኔ አንድ ቦታ አርፌ መቀመጥ አልችልም። በተወለድኩ በሦስተኛው ቀን ከአልጋ ወርጄ ጎረቤት ቤት ነው የተገኘሁት። ካላመናችሁ ጎረቤቲቱን ጠይቁ፤ ሞታለች እንጂ ብትኖር ትመሰክርልኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው ሚቲንግ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥ ሲሉት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ሚቲንጉ የስም ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት፣ ሳን ሆዜ ውስጥ፣ ከተከራየሁበት ቤት ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታ ከተማው ሣር አልብሶ፣ ዥዋዥዌ ተክሎ ፓርክ አደረገው። የቀረው ስም ብቻ ነው። አከራዬ አንቲ ፑአላኒ ደግሞ ስሙን ካዘጋጁት ቆይተዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ለከተማው ደብዳቤ ሲጽፉ ፖስታ ቤት የማደርሰው እኔ ነበርኩ።

አንቲ ፑአላኒ የሃዋይ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰባ አራት። «አንቲ»፣ ማለትም አክስቴ፣ የምላቸው ራሳቸው አዘውኝ ነው። በእነሱም ዘንድ ታላቅን በባዶ ስሙ መጥራት ነውር ነው። ያ ቦታ ድሮ ሃያ ትንንሽ ቤቶች ነበሩበት። ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ሊሠሩ ከደሴቶቹ በመርከብ የመጡ የሃዋይ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። በኋላ ለፍሪዌይ ይፈለጋል ተብሎ ቤቶቹ ፈረሱ፣ ሰዉ ተበተነ። ፍሪዌዩ ግን በሌላ በኩል አለፈ። አንቲ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፓርኩ በአያታቸው ስም «ማካና» ተብሎ እንዲጠራ። ቱቱ ማካና ይሏቸዋል፤ ቱቱ ማለት አያት ነው።

«እኔ ስሞት» አሉኝ አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ አበባ እየከረከሙ፣ «እዚህ ሰፈር የሃዋይ ሰው ይኖር እንደነበር የሚያውቅ አንድ ሰው አይተርፍም።»

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ስም ቀርቧል። ሐሙስ ከሥራ መውጫ ላይ በትምህርት ቤቱ ካፌቴሪያ ሚቲንግ ይደረጋል፤ የተገኘ ሁሉ እጁን አውጥቶ ይወስናል። ሁለተኛውን ስም ያቀረበው ሚስተር ዶውሰን የሚባል የጎማ ነጋዴ ነው። ሰውየው ዘመድ ባይኖረው እንኳ የቦውሊንግ ቡድን አለው።

«እርስዎ ስንት ሰው አለዎት?» አልኳቸው።

በጣታቸው ቆጠሩ። ዘመዱ ገሚሱ ሄይዋርድ፣ ገሚሱ ኔቫዳ ገብቷል። «ከነጎረቤቶቹ አሥራ ስድስት። ካንተ ጋር አሥራ ሰባት።»

«ሰው አመጣልዎታለሁ» አልኩ። ምነው ያኔ ምላሴን በቆለፈው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ኦክላንድ ወጣሁ። ቴሌግራፍ አቬኑ ያለው የእትዬ ሀረገወይን ምግብ ቤት እሑድ እሑድ መርፌ አያስጥልም። ታክሲ ነጂውም፣ ፓርኪንግ ሠራተኛውም፣ የሥራ ፈቃድ ጠባቂውም እዚያ ነው። ከጥግ ደግሞ አቦይ ተስፋዝጊ ይቀመጣሉ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ በቴሌግራፍ ላይ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ በእሳቸው እጅ ነው የሚታረቀው።

ለማታውቋት ሴትዮ ስትሉ ሐሙስ ሳን ሆዜ ውረዱ ብላቸው ማን ይሰማኛል? ስለዚህ ትንሽ ቅመም ነሰነስኩበት።

«ድሮ፣ አንድ የእኛ ሰው ከምጽዋ በጨው መርከብ ተሳፈረ» አልኩ። «እንቅልፍ ወሰደው። ምን ዓይነት እንቅልፍ መሰላችሁ፣ ሕንድን አለፈ፣ ቻይናን አለፈ፣ ሲነቃ ሃዋይ ነው። የነቃውም መርከቡ ሲሰጥም ነው። የጨው ጆንያ ላይ ወጥቶ ሦስት ቀን ቀዘፈ።»

«ጨው አይሟሟም እንዴ?» አሉ አቦይ ተስፋዝጊ።

«ለዚያ እኮ ነው ሦስት ቀን ብቻ የቀዘፈው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እዚያ ላይ ብተወው ደግ ነበር። ግን እትዬ ሀረገወይን ትሪ እንደያዙ ቆመው ሲያዳምጡ አየሁና አላስችል አለኝ።

«ይቺ ማካና የምትባል ሴት ከባሕር ዳር አነሣችው። እቅፏ ውስጥ ሞተ። አንገቱ ላይ ማተብ አየች። ምን እንደሆነ ባታውቅም አልበጠሰችውም። ከነማተቡ አጥባ፣ ገንዛ፣ ከዛፍ ሥር ቀበረችው። የልጅ ልጇ ናት አሁን እጅ የሚያወጣላት ያጣችው።»

እትዬ ሀረገወይን ትሪውን አስቀመጡ። «የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ወልደ ጊዮርጊስ» አልኩ። እኔ አልኩት አይባልም፤ ራሱ ከአፌ ወጣ።

አቦይ ተስፋዝጊ ወደ እኔ ዞሩ። «ጋሻው፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?»

«አቦይ፣ ሰው በሞተ ሰው ይዋሻል?»

ሐሙስ ዕለት አሥራ አንድ ሰው ቫን ውስጥ ገባልኝ። ቫኑ የምነዳው የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ነው፤ አለቃዬ እጥበት ላይ ያለ መስሎታል። ፍሪዌዩ ተዘጋግቶ መኪናው እንደ ኤሊ ሲሳብ እኔ መሪውን እየደበደብኩ ነው። ሄይዋርድ ላይ እትዬ ሀረገወይን ከኋላ «ለወልደ ጊዮርጊስ ትናንት ፍትሐት አስደረግኩለት፤ ቄሱም ከልባቸው ነው ያደረሱት» አሉ። መኪናዋን ከመስመሯ ላስወጣት ምንም አልቀረኝም።

ደርሰን ገባን። ካፌቴሪያው በልጆች ወንበር ተሞልቷል፤ ጉልበቴ አገጬን ነካው። አንቲ ፑአላኒ ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንገታቸው ላይ የአበባ ጉንጉን አድርገዋል። ዞር ብለው አሥራ አንዱን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

ከከተማው ፓርኮች ቢሮ የመጣች ወጣት ሰብሳቢ ነች። ሚስተር ዶውሰን ቀድሞ ተነሣ። እኔ ክፉ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ሰውየው ግን ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ስለ እናቱ አወራ። ሃያ ሁለት ዓመት እዚሁ ካፌቴሪያ ውስጥ ለልጆች ምሳ ሲጨልፉ ኖረው ባለፈው የፈረንጆች ገና ሞቱ። ምሳ ያላመጣን ልጅ ስም ሳይጠይቁ ሳህኑን ይሞሉት ነበር። ይሄን ሲናገር እንባው መጣ፤ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገው።

አንቲ ተነሡ። «አያቴ ማካና እዚያ ኖረች። እዚያ ነው የኖርነው» አሉና የአበባ ጉንጉናቸውን ይዘው ተቀመጡ።

«እሺ፣ ለሚስተር ዶውሰን እናት እጅ» አለች ሰብሳቢዋ።

የቦውሊንጉ ሰዎች እጅ ወጣ። ከዚያ ከጎኔ ነጠላ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። እትዬ ሀረገወይን እጃቸውን አወጡ። አቦይ ተስፋዝጊም አወጡ። አሥራ አንዱም አወጡ።

«ምን እያደረጉ ነው?» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

«ሰውየው በእናቱ እያለቀሰ ፊት ለፊቱ እጄን ላጥፍ? ያሳደገኝ ሰው የለም?» አሉ እትዬ ሀረገወይን።

ለማካና እጅ ሲባል አሁንም አሥራ አንዱም አወጡ። ሰብሳቢዋ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ እስክሪብቶዋን አፏ ውስጥ ከተተች። ቤቱ ውስጥ ያለው አርባ ስድስት ሰው ነው፤ የወጣው እጅ ሃምሳ ሰባት። «አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ» አለች። «አሥር ደቂቃ ብሬክ እንውሰድና እንደገና እናድርገው።»

አሥራ አንዱን ወደ ጥግ ሰበሰብኳቸው። «አንድ እጅ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለማካና ሲባል ብቻ ታወጣላችሁ። በቃ።»

አቦይ ተስፋዝጊ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይሆንም። መጀመሪያ ያወጣነው ለእሱ ነው። አንድ ብቻ ከሆነ የእሱ ነው። የተሰጠ እጅ አይታጠፍም።»

«አቦይ፣ እንዲያማ ከሆነ እሱ ሃያ ዘጠኝ፣ እኛ አሥራ ሰባት ነን። የመጣችሁት ለአንቲ እኮ ነው።»

«ለሁለቱም ዝም ብለን ብንቀመጥስ?» አለ አንዱ ታክሲ ነጂ።

«በአንድ እጅ ይበልጡናል» አልኩ። ቆጥሬዋለሁ። እግሬ መሬቱን ይደበድባል። አንቲ ከወዲያ ፈገግ ብለው ያዩኛል። እያሸነፉ መስሏቸዋል።

አቦይ ተስፋዝጊ ኮታቸውን ቆለፉ። «እጅ አይታጠፍም፤ ሰው ግን ይለመናል። ሀረገወይን፣ ነይ። አንተም ና፣ ታስተረጉማለህ።»

አቦይ እንግሊዝኛ ከእኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ግን ሽማግሌ በአስተርጓሚ ሲናገር ይከብዳል።

ሄደው ሚስተር ዶውሰን ፊት ቆሙ። እሱ ዶናት የተደረደረበት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጧል። ወንበር ሳበላቸው፤ አልተቀመጡም። ቡና ቀዳላቸው፤ አልነኩም። ዶናት አቀረበ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ እንጂ አልወሰዱም።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ ሰውየው።

«አላጠፋህም። ሊለምኑህ ነው የመጡት። በእኛ አገር ሽማግሌ ለልመና ከመጣ፣ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፤ እህል አይቀምስም።»

ሰውየው ዶናቱን እንደያዘ ቀረ። አንቲ ፑአላኒም ግርግሩን አይተው መጡና አጠገባችን ቆሙ።

«በል ንገረው» አሉ አቦይ ተስፋዝጊ። «የእናትህ ነገር ልባችንን ነክቶታል በለው። ነገር ግን ይህች ማካና፣ የሚቀብረው ዘመድ ያልነበረውን ወንድማችንን ከባሕር አንሥታ በክብር ቀብራለች። ብድሯን ልንመልስ ነው የመጣነው በለው።»

አፌን ከፈትኩ። በሕይወቴ አፌን ከፍቼ ነገር ያጣሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዶውሰን ያየኛል። አንቲ ያዩኛል። ይህችን ብተረጉማት ዶውሰን ምናልባት እሺ ይል ነበር። ግን አንቲ ቆመዋል፤ አያታቸው የሌለ ሰው እንደቀበሩ ሊሰሙ ነው። ከዚያ ፓርኩ ላይ የሚጻፈው የማን ማካና ነው? የእሳቸው ወይስ የእኔ?

«አቦይ» አልኩ በአማርኛ፣ «ሰውየው የለም። መርከቡም የለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።»

እትዬ ሀረገወይን ነጠላቸውን ያዙ። «ታዲያ ፍትሐት ያስደረግኩት ለማን ነው?»

«ለዚህ ለቁሙ ሙት ይሁንለት» አሉ አቦይ ተስፋዝጊ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«ምን አሉ?» አሉኝ አንቲ። ነገርኳቸው፤ ጨዉን፣ ጆንያውን፣ ማተቡን፣ ሁሉንም። ፊታቸው ምንም አልተለወጠም። «አያቴ ማን እንደነበረች ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አሉ።

ከዚያ ወደ ዶውሰን ዞሩ። «ማንንም ከባሕር አላወጣችም። ፋብሪካው ውስጥ ኮክ ትልጥ ነበር። አንዷ ሴት ጣቷን ቢላ ከቆረጣት ሥራዋን ትነጠቃለች። ቱቱ የራሷን ፈረቃ ትጨርስና የዚያችን ሴት የቁጥር ባጅ አድርጋ ሁለተኛውን ፈረቃ በእሷ ስም ትሠራ ነበር፤ የሴትዮዋ እጅ እስኪድን። ለማንም አልነገረችም። እኛ የሰማነው ቀብሯ ላይ ነው፤ ዘጠኝ ሴቶች ጣታቸውን እያሳዩ ሲያለቅሱ።»

እኔ ስንት ውሸት ስፈጥር የኖርኩ ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አልመጣልኝ።

«በእኛም ወግ» አሉ አንቲ፣ «ስም ከመስጠት በፊት ቤተሰብ ይጠየቃል። እኔ ለከተማው ሦስት ዓመት ስጽፍ አንተን አንድ ቀን መጥቼ አልጠየቅኩህም። አሁን እጠይቅሃለሁ።» ይህን ብለው ከአቦይ ተስፋዝጊና ከእትዬ ሀረገወይን ጎን ተሰልፈው ቆሙ።

ሰብሳቢዋ ጊዜው አለቀ ብላ ጠረጴዛ መታች። ማንም አልተቀመጠም። ዶውሰን ካፌቴሪያውን ዞሮ አየው፤ የምግብ መስኮቱን፣ ትላልቆቹን ድስቶች።

«እናቴ ፓርክ አትወድም ነበር» አለ በመጨረሻ። «ጉንዳን ትፈራለች። የኖረችው እዚህ ነው። ይሄን ክፍል በስሟ እንዲያደርጉልኝ ትምህርት ቤቱን ብጠይቅስ? እዚያስ ማን እጅ ያወጣልኛል?»

ተረጎምኩ፤ ቃል አልጨመርኩም፣ ቃል አልቀነስኩም።

«የሰጠነው እጅ እዚያ ይጠብቀዋል በለው» አሉ አቦይ ተስፋዝጊ። «እኛ አሥራ አንዳችን እንመጣለን።»

ዶውሰን የዶናቱን ሳህን በሁለት እጁ አንሥቶ ዘረጋላቸው። «አሁንስ ይበላሉ?» አለኝ።

አቦይ ተስፋዝጊ አንድ ወሰዱ፤ ገምሰው ገሚሱን ለአንቲ ሰጡ። ከዚያ ተቀመጡ። ፓርኩ ማካና ሆነ። ዶውሰን ራሱ እጁን አወጣ፤ የቦውሊንጉም ቡድን ግራ እየገባው ተከተለው።

ስንመለስ ቫኑ ውስጥ እስከ ኦክላንድ ድረስ አንድ ሰው አላናገረኝም።

ከአምስት ሳምንት በኋላ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ስለ ካፌቴሪያው ተሰበሰበ። አሥራ አንዱም መጡ፤ በእኔ ቫን ግን አይደለም፤ በአውቶቡስ፣ ሁለት ጊዜ ቀይረው። አንቲ ፑአላኒ በር ላይ ተቀብለው አስገቧቸው። እኔም ልከተል ስል እትዬ ሀረገወይን ዞር ብለው «አንተ ከውጭ ቆይ» አሉኝ።

ቆየሁ። መቆም ከተባለ፤ ግቢውን አርባ ጊዜ ዞርኩት። ከዚያ በመስታወቱ አየሁ። ምን እንደሚባል አይሰማኝም። እጆች ወጡ። የእኛዎቹን ከነጠላውና ከኮቱ ለይቼ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወጡት።

ሲወጡ ቫኑን አስነሥቼ በሩን ከፍቼ ጠበቅኳቸው። አለፉኝ፤ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ሄዱ። አቦይ ተስፋዝጊ ብቻ መንገድ ላይ ቆም አሉ፤ ጉልበታቸውን አሻሹ፤ ተመለሱና ከፊት ወንበር ገቡ።

«ንዳ» አሉኝ። «ኦክላንድ እስክንደርስ ቃል እንዳትተነፍስ።»

ነዳሁ።