ያልታጠፉት ወረቀቶች

ጀማሉዲን ክሩን ጠመኔ ቀብቶ ሰሌዳው ላይ ወጠረና ለቀቀው። ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ቀረ። በደሴ ኳስ ሜዳ በር ላይ ሰኞ ሰኞ የቡድኖችን ደረጃ የሚጽፈው እሱ ነው።

«አንተ ጀማሉ! ዛሬስ ስንተኛ ልትጥለን ነው?»

ዘሀራ ነበረች፤ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የፈትል ክፍል። ለቦርከና ቡድን ስትጮህ ሐረጎ ተራራ ድረስ ትሰማለች ይሏታል።

«እኔ አልጥል፣ አላነሳ። የሰጡኝን ነው የምጽፈው።»

«ወላሂ! ዘጠኝ ተጫውተን ዘጠኙንም አሸንፈን ሁለተኛ! ጦሳ ሁለቴ አቻ ወጥቶ አንደኛ! አንተም ደሴ ከገባህ ወዲህ ብርዱ ልብህን አደረቀው መሰለኝ።»

የደሴው ጦሳና የኮምቦልቻው ቦርከና ምድባቸው ስለሚለያይ ተጋጥመው አያውቁም። ማን እንደሚበልጥ የሚወስኑት አምስት መራጮች ናቸው፤ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በኩታበር፣ በሐይቅና በቦሩ ሜዳ በያሉበት ጽፈው በታሸገ ፖስታ ይልካሉ። ዛሬ አንደኛ የሚወጣው ቡድን አዲስ አበባ ሄዶ ይጫወታል። የቦርከና በረኛ የጀማሉዲን ታላቅ ወንድም በሺር ነው። ጉልበቱ ያብጣል። «ይቺን ዓመት ብቻ» ይላል።

የኮሚቴው ጸሐፊ ጓድ ሞላ አምስት ቁራጭ ወረቀት ይዘው መጡ።

«ጦሳ አንደኛ፣ ቦርከና ሁለተኛ። አምስቱም ተስማምተዋል።»

«የኮምቦልቻውም?»

«እሱማ ከሁሉ ቀድሞ።»

ጀማሉዲን በጓዶች ፊት «ለምን» ማለት ከተወ ሦስት ዓመቱ ነው። «ወረቀቶቹን ይተዉልኝ፣ እንዳልሳሳት» አለ ብቻ።

ሰውየው እንደሄዱ ነፋስ እንዳይወስዳቸው ወረቀቶቹን የቀለም ሣጥኑ ላይ ደርድሮ ጠጠር ጫነባቸው። ያኔ አየ። የኩታበሩ የተቀደደ ጠርዝ ከሐይቁ ጠርዝ ጋር ገጠመ። ከቦሩ ሜዳው የጀመረ የዘይት ጠብታ ኮምቦልቻው ላይ አለቀ።

ምናልባት ኮሚቴዎቹ ባዶውን ወረቀት ከአንድ ደብተር ቀደው ለመራጮቹ አድለው ይሆናል፤ ወረቀት እንደሆነ ጠፍቷል። ግን አንዱም አልታጠፈም። ከኩታበር በፖስታ የመጣ ወረቀት እንዴት ሳይታጠፍ ይመጣል?

«ምን አየህ?» አለች ዘሀራ።

«ምንም።»

ብሩሹን ነክሮ ጻፈ፦ 1ኛ ጦሳ። 2ኛ ቦርከና።

«ወንድምህን በገዛ እጅህ!» አለችና ፊቷን አዞረች። «ለበሺር አንተው ንገረው። እኔ አፍ የለኝም።»

ጀማሉዲን ማስታወቂያ የሚለጥፍበትን የዱቄት ሙጫ አወጣ። ከሰሌዳው ግርጌ አምስቱን ወረቀቶች ጠርዝ ለጠርዝ እያገጠመ ለጠፋቸው። የዘይቱ ጠብታ ክብ ሆነ። የመጨረሻውን ሁለቴ አቃናው።

ዘሀራ ተመልሳ ቀረበች። የመራጮቹን አገር አንድ በአንድ አነበበች። ጣቷን በጠብታው ዙሪያ አዞረች፤ ከዚያ ወረቀቶቹን ዳሰሰች፣ እጥፋት ፈልጋ አጣች።

«ያ ረቢ» አለች በቀስታ። «አምስት አገር፣ አንድ ገጽ።»

ከአውቶቡስ ወርደው ወደ በሩ የሚመጡ የኮምቦልቻ ሰዎች ታዩ። «ጓዱ ቢጠይቁህስ?» አለችው።

«የሰጡኝን ነው የለጠፍኩት።»

ብሩሹን በጋዝ አጠበ፣ በጨርቅ አደረቀና ጣሳው ውስጥ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጎ አቆመው።