የዱቄት ምንዛሪ

እሁድ ከሰዓት፣ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በሞሉት ጄፒ መንገድ ላይ ካለው ፎቅ ሁለተኛ ደርብ፣ የእቁቡ ዳኛ ሐጂ ሻፊ ስልካቸውን ሳያዩ ማንም ኪሱን አይከፍትም። አርባ ባለሱቅ አፉን ዘግቶ የአንድ ሰው ስልክ ይጠብቃል። ሐጂ መነጽራቸውን ያወርዳሉ፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ የዕለቱን የዶላር ዋጋ ይናገራሉ። ሁለት መቶ ዶላር በዚያ ዋጋ ስንት ራንድ እንደሚሆን ይሰላና ይከፈላል። ዶላሩን በዓይኑ ያየ ግን ከመካከላቸው ሦስት ሰው ቢገኝ ነው።

ይህን ደንብ ያመጣችው ራዚያ ናት። ብርድ ልብስ በጅምላ ትሸጣለች፤ ዕቃዋ ከቻይና በኮንቴይነር ይመጣል። ባለፈው ዙር እጣዋ መጨረሻ ላይ ወጣና፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ የጠበቀችው ራንድ እጇ ሲገባ ከስቶ አገኘችው። “ከእንግዲህ በዶላር ይታሰብ፣ ማንም በማንም አይበላ” አለች። ሁሉም ተስማማ። ልክም ነበረች። ልክ የነበረችው ለራሷና ለመሰሎቿ ብቻ እንደሆነ ለመረዳት ግን ሰባት ወር ፈጀባት።

ያስረዳቻት የአገሯ ልጅ ዛሂራ ናት። ዛሂራ ዲፕስሉት በሚባል የድሆች ሰፈር፣ ሎኬሽን በሚሉት፣ ትንሽ ስፓዛ ሱቅ አላት፤ ዳቦ፣ ዱቄት፣ ላምባ ትሸጣለች። በሰኔ ሌቦች ሱቋን ባዶ አደረጉት። የእቁቡ መዋጮ ደግሞ በጥር ሦስት ሺህ አራት መቶ ራንድ የነበረው በዚያው በሰኔ አራት ሺህ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በነሐሴ ሁለት እሁድ በተከታታይ ቀረች። ሦስት እሁድ ያጓደለ ደግሞ ይሰረዛል፤ ያስገባውንም የሚያገኘው ዙሩ ሲያልቅ ነው። የሱቁ አከራይ እስከዚያ አይጠብቅም። ዛሂራ ከተሰረዘች ሱቋ ሄደ ማለት ነው።

ራዚያ ሰኞ ጠዋት ታክሲ ተሳፍራ ሄደች። ዛሂራ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆማ ለአንዲት አሮጊት ግማሽ ዳቦ ታቀብላለች።

“የእሁዱን እኔ ልክፈልልሽ” አለቻት ራዚያ፣ ሰላምታውን ሳትጨርስ።

“ከዚያስ? የሚቀጥለውንስ? እስከ ጥቅምት መጨረሻ ልትከፍይልኝ ነው?” ዛሂራ ሳንቲሙን መሳቢያ ውስጥ ጣለች። “ምጽዋት ካማረኝ የመስጊድ በር አይጠፋኝም፣ ራዚዬ። መክፈል አቅቶኝ እኮ አይደለም። በጥር የከፈልኩትን ዛሬም እከፍላለሁ። እዚህ ሎኬሽን ግን ዶላር የሚባል ደንበኛ መጥቶ አያውቅም። የኔ ሰዎች የሚጠይቁኝ ዱቄት ስንት ገባ ብለው ነው።”

ራዚያ አፈረች። ያን ደንብ ስታመጣ ይህን ፍርግርግ አንድ ቀን አስባው አታውቅም። ዓይኗ ግድግዳው ሥር ተደርድሮ ካለው አስር አስር ኪሎ የበቆሎ ዱቄት ላይ አረፈ።

“ይሄ በጥር ስንት ነበር?”

“መቶ አስራ ሰባት። አሁን መቶ አስራ አምስት ነው። ምነው?”

“አንዱን ሽጪልኝ” አለች ራዚያ፣ ገንዘቡን አውጥታ።

ያ ሳምንት የትልልቆቹ ሳምንት ነበር። ከዶላር ጥገኝነት መላቀቅ የሚሹ አገሮች ማኅበር መሪዎች ሀብታሞቹ ሰፈር ሳንድተን ተሰብስበዋል፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ጄፒም የሚያወራው ሌላ ወሬ የለውም። ጃኬት ሻጩ ሙዘሚል ገበያውን ትቶ ምግብ ቤቱ ቴሌቪዥን ሥር ሰፍሯል። “ይህች ሳምንት የዶላር ቀብር ናት፣ ወላሂ! ሐሙስ አዲስ ገንዘብ ያወጣሉ፤ ዛሂራም ታርፋለች፣ ሁላችንም እናርፋለን” ይላል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ሐሙስ ደረሰ። አዲስ ገንዘብ አልወጣም፤ አገሮች በየራሳቸው ገንዘብ ቢነግዱ መልካም ነው ተባለ፣ ኢትዮጵያም ማኅበሩን እንድትቀላቀል ተጋበዘች። ምግብ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ፣ ሙዘሚልም ለሁሉም ሻይ አዘዘ። ራዚያም ደስ ብሏት አጨበጨበች፤ አገር ስትጠራ ማን ይጠላል?

“እሁድ ታዲያ በምን ልንከፍል ነው?” አለች፣ ጭብጨባው ሲበርድ።



እሁድ አስር ኪሎ ዱቄቷን ተሸክማ ደረጃውን ወጣችና ሐጂ ፊት ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው። ሳቅ ሆነ።

“ራዚያ፣ ይሄ እቁብ ነው ወይስ ወፍጮ ቤት?” አሉ ሐጂ።

“መዋጮው የእንዲህ ያለ ሠላሳ ከረጢት ዋጋ ይሁን፣ ሐጂ። በዶላር ይሁን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ዶላር የሚያስፈልገን ሦስት ሰዎች ነን። ዱቄት የማይገዛ፣ ዱቄት የማይሸጥ ግን ማን አለ?”

“ዱቄትን ዓለም አያውቀውም።”

“ዛሂራንስ ዓለም ያውቃታል?”

ዛሂራ በሩ አጠገብ ቆማለች። እጇ ላይ ሦስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ራንድ ይዛለች፤ በዕለቱ የዶላር ዋጋ ሦስት መቶ ያህል ይጎድላታል። ሐጂ ጎዶሎ አይቆጥሩም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ደንብ ጠባቂ ናቸው። ደንቡም ዙር ካልተጋመሰ በቀር አይነካም፣ ከተነካም እጣ ያልደረሳቸው ሁሉ ይስማሙ ይላል። አስር ሰዎች ቀርተዋል፤ ራዚያ አንዷ፣ ዛሂራ አንዷ፣ ጫማ ነጋዴው አየነውም አንዱ።

“እኔ ሠላሳ ሳምንት በዶላር ከፍዬ በዱቄት ልቀበል?” አለ አየነው። “እህቴ፣ ፍርድ ይሄ ነው?”

 እውነቱን ነው። በዚያ መሃል ሐጂ ለመሰረዝም ለማዘንም ጊዜ ሳይሰጡ የእጣውን ጣሳ ነቀነቁ፣ ወረቀቱን አወጡ፣ አነበቡ።

“ራዚያ።”

 የሚመጣው ክረምት ብርድ ልብስ ቻይና፣ ጉዋንዡ ላይ ቅድሚያ ክፍያ እየጠበቀ ነበር፣ የገንዘቡም እያንዳንዱ ራንድ ሥራ ተመድቦለታል።  ራዚያ ግን ዱቄቱን ወደ ሐጂ ገፋ አደረገችው።

“የኔን በዱቄት ቁረጡልኝ።”

ሙዘሚል ስልኩ ላይ አሰላ። “አስራ አንድ ሺህ ራንድ ከነምናምኑ ታጫለሽ፣ ሲስተር።”

“የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች” አሉ ሐጂ፣ ቀስ ብለው። “ካሳዘነችሽ ስጪያትና ይለቅ። ደንብ ምን አደረገ?”

“ብሰጣት ዛሂራን አዳንኩ። ቀጥሎ የሚያጓድለው አይቮሪ ፓርክ ሎኬሽን ያለው ባለስፓዛ ነው፣ ከዚያ ክሊፕታውን ያለው። ለሁሉም ልሰጥ አልችልም። ያበላሸሁትን ግን ማስተካከል እችላለሁ፤ ኪሳራው ከኔ ይጀምር።”

አየነው አንገቱን አከከ። ከአዲስ አበባ ከመጣ አስራ አራት ዓመቱ ነው፣ አንድ ቀን ከሂሳቡ አምስት ራንድ ጎድሎበት አያውቅም። አንገቱን አከከ።

“የባሰ የሚጎዳው ሰው እሺ ካለ፣ እኔ ምን አፍ አለኝ? ይሁን። የኔም በዱቄት” አለ።

ሙዘሚልም እሺ አለ፣ የቀሩትም ተራ በተራ እሺ አሉ፤ አንዱ ግን እያጉረመረመ ነው። ሐጂ ደብተራቸውን ሳቡ፣ “ዶላር” የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዙና ቀና አሉ።

“ዛሂራ፣ አምጪ” አሉ። ገንዘቡን ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። “ሙሉ ነው።”

ራዚያ ያን ሌሊት ለጉዋንዡው ሰው ትዕዛዟን በመቶ ብርድ ልብስ እንደምትቀንስ ጻፈችለት። ቆጭቷታል፣ ለራሷም አልዋሸችም። እንቅልፏን ግን ተኛች።

በሚቀጥለው እሁድ አርባውም ሰው ተሰበሰበ። ሐጂ ሻፊ በልማድ ስልካቸውን አነሱ፣ መነጽራቸውን አወረዱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ ስልኩ እጃቸው ላይ ቀረ። ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፉት፣ ወደ በሩም ዞሩ።

“ዛሂራ፣ ዱቄት ዛሬ ስንት ገባ?”

አርባው ሰው አፉን ዘግቶ ጠበቃት። ዛሂራ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች።

“መቶ አስራ አራት” አለች።

ሁሉም ኪሱን ከፈተ።