አደራ፣ እንዳትከፍቺው

ይኸው ደግሞ ጀመረ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ዝም ይላል፣ ቀጭ፣ ይሄን ድምፅ አልወደውም፣ ሀርድ ዲስክ እንዲህ ካለ ሊሞት ነው፣ ውስጡ ያለችው መርፌ ማንበብ እያቃታት ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ የወደቀ ላፕቶፕ ነው ይሄ፣ ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ቶሎ ኮፒ ላድርግለት እንጂ አንዴ ካጠፋሁት ላይነሳ ይችላል፣ ቢስሚላህ፣ በይ ማሂራ በርቺ፣ ስንት የሞተ ዲስክ አንስተሻል። ጋሼ ፍቃዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው ጠረጴዛዬ ላይ፣ የልጃቸው ላፕቶፕ ሆድ ዕቃው ተዘርግፎ ሲያዩት ፊታቸው ጠቁሯል።

ተከፈተ? ይሉኛል። ገና ነው ጋሼ። ግን ይከፈታል? ይከፈታል።

ይከፈታል ማለት አልነበረብኝም። አፌ።

እሳቸው ፓስወርድ ሲባል እንደ መጋዘናቸው ጓጉንቸር ነው የሚመስላቸው፣ ቁልፍ የሌለው አይገባም፣ እኔ ግን ዲስኩን ከነነፍሱ አውጥቼ በኬብል ከራሴ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼዋለሁ፣ ፓስወርዱ በሩ ላይ ቆሞ ቀርቷል፣ እኔ በግድግዳ በኩል ገብቻለሁ፣ ቤቱ ውስጥ ነኝ፣ የልጃቸው የኤልሳቤት የምረቃ ጽሑፍ፣ ፎቶዋ፣ ምኗም ምኗም በስም በስሙ ስክሪኔ ላይ ያልፋል፣ ትንሽ አንገታቸውን ቢያሰግጉ ያዩታል፣ ስክሪኑን ቀስ ብዬ ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፣ ብርሃን እንዳስቸገረው ሰው ዓይኔን እያሸሁ። አላየሁም፣ የማየው የቀረውን ብቻ ነው፣ ሰማያዊው መስመር ምን ያህል እንደሄደ፣ ሌላ አላይም።

ጠዋት ከታች፣ ከአንሶላና ብርድ ልብስ ማከፋፈያቸው፣ ላፕቶፑን በፌስታል ይዘው ወጡ፣ ማሂራ ልጄ፣ የኤልሲ ኮምፒውተር ሞቶባታል፣ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነው፣ ዘንድሮ ልትመረቅ፣ እባክሽ አድኚላት። እሺ ጋሼ፣ ለኤልሲ ካልሆነ ለማን። ሌላም አለ፣ ብለው በሩን ዘጉት፣ ይህቺ ሱቅ በሯ ከተዘጋ አየር የላትም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጄ ከወር ወዲህ ልጄ አይደለችም፣ አትበላም፣ ስልኳ ሲጮህ ትደነግጣለች፣ ስጠጋት ስልኳን ትደፋዋለች፣ ወንድ ይዛ ነው ብዬ ነበር፣ ትያዝ፣ ዕድሜዋ ነው፣ ግን ወንድ የወደደች ሴት እንዲህ አትከሳም፣ ክፉ ሰው እጅ ላይ ወድቃለች ማሂራ፣ ፓስወርዱን ስበሪልኝ፣ ከማን ጋር እንደምትጻጻፍ ልይ።

ምን ይባላል? አባት ናቸው፣ ሚስታቸው እትዬ በለጥሻቸው ካረፉ ወዲህ እናትም አባትም እሳቸው ናቸው፣ ደግሞ ውለታ አለብኝ፣ ለእትዬ በለጥሻቸው፣ ሴት ልጅ ኮምፒውተር ትሠራለች ብሎ ሕንጻው በሙሉ ሲስቅብኝ፣ ደንበኛ በሩ ላይ ደርሶ ባለሙያው የት ሄደ ሲለኝ፣ እሳቸው ናቸው የሱቃቸውን ኮምፒውተር አሸክመው መጥተው፣ ማሂዬ ሥሪልኝ፣ የሚስቅ ይሳቅ ያሉኝ። ታዲያ ለሴትየዋ ባልና ልጅ ምን ብታደርጊ ይበዛል? ክፈቺላቸው። ክፈቺና ይገላገሉ፣ ልጅቷ በእርግጥ ችግር ውስጥ ብትሆንስ፣ ነገ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል፣ አንቺ በእጅሽ ይዘሽው።

ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ኤልሳቤት። ጋሼን በዓይኔ ጥግ እያየሁ መልእክቱን ከጠረጴዛው ሥር አነበዋለሁ፣ ማሂዬ አባዬ ላፕቶፔን ያመጣው አንቺ ጋ ነው? በአላህ፣ በምታምኚው፣ አደራ እንዳትከፍቺው፣ አውቶቡስ ተራ ነኝ፣ መንገዱ ተዘግቷል፣ ወርጄ በእግሬ እየመጣሁ ነው።

ማነው? ይላሉ ጋሼ። ደንበኛ ነው። ዋሸሁ? ደንበኛ ናት እኮ፣ አልዋሸሁም።

ቀጭ፣ ቀጭ። መስመሩ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል፣ ያ አላህ አንዴ ጨርስልኝ፣ ከታች ተሸካሚው ዞር በሉ፣ ዞር በሉ፣ ጀርባ ጀርባ እያለ ያልፋል፣ የወንበራቸው እግር ሲጮህ ቀና እላለሁ፣ ተነስተዋል፣ ጠረጴዛውን ዞረው ወደ እኔ፣ ተከፍቷል አይደል ማሂራ? ፊትሽ ላይ አየሁት እኮ፣ አሳዪኝ።

እጄ ከእኔ ቀድሞ ስክሪኑን ያጠፋዋል።

አይ ጋሼ።

ምን አልሽ?

አላሳይዎትም፣ ዲስኩን አድናለሁ፣ ጽሑፏን አድናለሁ፣ ውስጡ ያለው ግን የእሷ ነው፣ ሲፈልጉ እሷን ይጠይቋት። እኔ አይደለሁም እንዴ የገዛሁላት! ገዝተውላታል ጋሼ፣ ላፕቶፑን። አባቷ ነኝ እኮ! ድምፃቸው ደረጃው ድረስ ይወጣል፣ ከጎን ያለችው ሀስና፣ ቻርጀር ሻጯ፣ በሩን ገፋ አድርጋ ሰላም ነው? ትላለች፣ ሰላም ነው ሀስንዬ፣ ዝጊው። ሰውየው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ፣ እንዲህ ተናግሬአቸው አላውቅም፣ ጋሼ ይቀመጡ፣ እዚህ ሕንጻ ላይ የማን ስልክ በእጄ ያላለፈ አለ? የእርስዎም አልፏል፣ ማንም ሰው መጥቶ የጋሼ ፍቃዱን ስልክ አሳዪኝ ቢለኝ፣ ልጅዎም ብትሆን፣ አላሳይም ነበር፣ አምነውኝ ነው የሰጡኝ።

ባርኔጣቸውን ያዞሩታል፣ ያዞሩታል። ቁጣው ሲወርድ ከሥሩ የነበረው ይታያል፣ ፍርሃት ነው ለካ፣ አንቺ ልጅ፣ እናቷን ዓይኔ እያየ አጣኋት፣ ይቺንም እንዳላጣት ነው።

አያጧትም ልበል? በምን አውቄ።

ዲስኩ እንደሆነ አልቆለታል፣ ሌላ ያስፈልጋታል፣ እስቲ ጋሼ እርስዎ ይውረዱና ከጎን ሕንጻ ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ዲስክ ያምጡላት፣ ኦሪጅናሉን፣ ለማሂራ ነው ይበሉ፣ የቻይናውን ኦሪጅናል አስመስለው እንዳይሸጡልዎ። ማጭበርበሬ ነው፣ እኔ መሳቢያ ውስጥ አለኝ፣ ግን ሥራ ካገኙ ትንሽ ይተነፍሳሉ፣ እኔም እተነፍሳለሁ። ኤስኤስ? ኤስኤስዲ። ኤስኤስዲ፣ ኤስኤስዲ እያሉ ይወርዳሉ፣ እንዳይረሱት።

እሳቸው በዚያኛው ደረጃ ሲወርዱ ኤልሳቤት በዚህኛው ትወጣለች፣ ላብ በላብ ሆና፣ አየሽው? አላየሁም ኤልሲ። ወላሂ በይ። ወላሂ። አባዬስ? እሳቸውም አላዩም። አባቷ የነበሩበት ወንበር ላይ ቁጭ ትልና ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ታለቅሳለች፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀች፣ እኔ ውሃ እሰጣታለሁ፣ በሩን እቆልፋለሁ፣ ከዚያ ትነግረኛለች፣ አንዴ ከጀመረች ማቆም አቅቷት፣ ወንድ አይደለም ማሂዬ፣ ወንድ ቢሆን በምን ዕድሌ፣ ገላዬን ስታጠብ ጡቴ ላይ አንድ ነገር ነካሁ፣ እንደ ሽምብራ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ለተብርሃንን ታውቂያታለሽ፣ ሕክምና የምትማረዋን ጓደኛዬን፣ ክፍለ ሀገር ናት፣ ነገርኳት፣ ቆዳው ተሸብሽቧል ወይ፣ እስቲ ፎቶ ላኪልኝ ልየው አለችኝ፣ በቴሌግራም ላክሁላት፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ አለችኝ፣ አልሄድኩም፣ ፈራሁ፣ ከዚያ ከዩኒቨርሲቲያችን ግቢ አጠገብ ማተሚያ ቤት ጽሑፌን ላሳትም ቴሌግራሜን በእነሱ ኮምፒውተር ከፍቼ ክፍል ረፈደብኝ ብዬ ሮጥኩ፣ ሳልዘጋው፣ ከዚያ የማላውቀው ሰው፣ ስም የለው፣ ፎቶ የለው፣ የራሴን ፎቶ መልሶ ላከልኝ። የምልሽን ካላደረግሽ ለአባትሽ እልከዋለሁ፣ ቁጥሩ አለኝ፣ አለኝ። ላፕቶፑ ያኔ ነው ከእጄ የወደቀው።

ሽምብራ። እትዬ በለጥሻቸው። ያ ነገር እሳቸውም ላይ እዚያው ነበር የወጣው፣ ነጠላቸውን እየደረቡበት ሱቅ ይውሉ ነበር፣ ደህና ነኝ እያሉ፣ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር፣ ልጅቷ ይሄን ሁሉ ታውቃለች፣ ሽምብራዋን ይዛ ብቻዋን አልጋዋ ላይ ተጋድማ ይሄን ሁሉ እያሰበች፣ በዚያ ላይ ያ ውሻ፣ ያ ከውሻ የማይሻል፣ ወይኔ እጄ ላይ በጣለው፣ ማሂራ ዝም በይ፣ ስድብ በኋላ። ከየትኛው ልጀምር? እጄ ከሚያውቀው።

ስልክሽን አምጪ። መልእክቱን አላጠፋሽውም? ላጠፋው ነበር። እንዳታጠፊው፣ ማስረጃሽ እሱ ነው፣ ስክሪኑን ፎቶ አንሺው፣ አካውንቱንም መልእክቱንም ሰዓቱንም፣ ጎሽ፣ አሁን ቴሌግራሙ ሴቲንግ ውስጥ ግቢ፣ ዲቫይስ የሚለውን ንኪ፣ ይኸው ተመልከች፣ ይሄ ስልክሽ ነው፣ ይሄ ላፕቶፕሽ፣ ይሄኛውስ ኮምፒውተር የማነው? የእኔ አይደለም። አሁንም ክፍት ነው፣ አየሽ፣ እስከ ዛሬ ከጓዳሽ አልወጣም፣ ይህንንም ፎቶ አንሺው፣ በይ አሁን ሌሎቹን ሁሉ አስወጣ የሚለውን ንኪ፣ አይ እኔ አልነካልሽም፣ አንቺ ራስሽ። ትነካዋለች። ዝርዝሩ ላይ የእሷ ስልክ ብቻ ይቀራል፣ ብቻውን፣ ንጹሕ። ሁለተኛ ፓስወርድ ጨምሪበት፣ የልደት ቀንሽ አይሁን፣ የእናትሽም ስም አይሁን፣ እኔ ዞሬያለሁ፣ አላየሁሽም፣ ጨረስሽ? አሁን ሰውየውን ዝጊበት፣ አንድ ቃል እንዳትመልሺለት።

ወጣ?

ወጥቷል፣ በሩም ተቆልፏል።

ፎቶውስ?

ምነው ይሄን ባልጠየቀችኝ። ወስዶት ከሆነ ከእጁ ማውጣት አልችልም ኤልሲ፣ አልዋሽሽም። ይልከዋላ? ሊልከው ይችላል፣ ነገ አብሬሽ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ፣ የማተሚያ ቤቱን ኮምፒውተር ያገኙታል፣ ግን ሰውየው የያዘብሽ ፎቶሽን አይደለም፣ አባትሽ አለማወቃቸውን ነው የያዘብሽ፣ ቀድመሽ ከነገርሻቸው ምን ይዞ ያስፈራራሻል? ራሷን ትነቀንቃለች፣ አባዬ ሁለተኛ አይችለውም ማሂዬ፣ እማዬ ጊዜ አይተሽዋል፣ ይሞትብኛል።

አይሞቱም እላታለሁ። በምን እንደማውቅ ሳላውቅ።

በሩ ይንኳኳል። ኤስኤስዲ አመጣሁ፣ ኦሪጅናሉን! የሷን ጫማ በበሩ ሥር አይተው ነው መሰለኝ ድምፃቸው በመሃል ይሰበራል፣ ኤልሲ? እኔ አያታለሁ፣ እሷ ታየኛለች፣ እከፍታለሁ። ካርቶኗን እንደ ዕንቁላል በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል፣ የልጃቸውን ያበጠ ዓይን ያያሉ፣ ልጄ ማነው፣ ምን አደረገሽ፣ ንገሪኝ፣ አልቆጣም፣ በእናትሽ አጥንት አልቆጣም። ልወጣ እነሳለሁ፣ ኤልሳቤት ቀሚሴን ትይዛለች፣ አትሂጂ። ስልኳን ትከፍታለች፣ የሆነ ነገር ትፈልጋለች፣ ታገኘዋለች፣ ስክሪኑን ወደ ራሷ አድርጋ ትንሽ ትቆያለች፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ አባቷ ትዘረጋለች፣ ከሌላ ሰው ከምታየው፣ በል እይ አባዬ።

ጠዋት ክፈቺልኝ፣ ልየው ያሉኝ ሰው፣ ስልኩ ላይ መዳፋቸውን ይደፋሉ። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው። አላይም፣ ይላሉ፣ አንቺ ንገሪኝ።

ትነግራቸዋለች። ሽምብራውን፣ ፎቶውን፣ ሰውየውን፣ ሁሉንም፣ ቃላቱ እየተደናቀፉ፣ እኔ ምንም የማልሠራበትን ብሎን በእጄ እያዞርኩ፣ አሁን ይጮሃሉ፣ አሁን ይወድቃሉ፣ አሁን ማተሚያ ቤቱን ላቃጥል ይላሉ እያልኩ። ጨረሰች። አልጮሁም። መሬት ላይ፣ የኬብል ካርቶኔ ላይ፣ ልክ ከልጃቸው ጉልበት ፊት ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ያምሻል?

አያምም አባዬ።

እናትሽም አያምም ትለኝ ነበር፣ አሉና እንባቸው መጣ፣ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ተነሱ፣ ተነሽ እንሂድ። የት? ሐኪም ቤት ነዋ። ነገ ጠዋት አባዬ... ዛሬ፣ አሁን፣ ሱቁን ሠራተኞቹ ይዘጉታል፣ ተነሽ ልጄ። በር ላይ ደርሰው ተመለሱ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ፣ ሄዱ።

ኮፒው አልቋል። ጥቂት ፋይል አልተነበበም፣ ጽሑፏ ግን ሙሉ ነው፣ ኤልሲ ብትሆን እግዜር ይመስገን ትላለች፣ እኔ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ አዲሱን ዲስክ እገጥማለሁ፣ ሁሉንም አሻግርበታለሁ፣ በሱቄ የቀረውን ኮፒ አጠፋዋለሁ፣ ዝም ብሎ ዲሊት አይደለም፣ ተመልሶ እንዳይነሳ አድርጌ፣ አሮጌውን ዲስክም እንዲሁ ወደ ምን አለሽ ተራ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አልጥለውም፣ መዶሻ አለኝ። አንዴ፣ ሁለቴ። እጄን ያመኛል እንጂ ደስ ይላል። ያንን ሰውዬ እያሰብኩ ሦስተኛ።

ስልኬ ይጠራል፣ ኤልሲ ናት፣ ከኋላዋ ብዙ ሰው ይንጫጫል፣ ማሂዬ፣ ዶክተሯ በእጇ አየችው፣ ውሃ የቋጠረ ሳይሆን አይቀርም አለች፣ ግን በመርፌ ናሙና ካልወሰድኩ አላምንም አለች፣ አሁን ልገባ ነው፣ ፈርቻለሁ። ትፈሪያለሽ፣ ደግ ነው፣ ፍሪ፣ አባትሽስ? ትስቃለች፣ ከወር ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ፣ ልጄ ናት አብሬ ካልገባሁ ብሎ ከነርሷ ጋር ሲሟገት ነበር፣ አባዬ ልብሴን ላወልቅ እኮ ነው፣ ውጪ ጠብቀኝ አልኩት።

እና?

እሺ አለ። ይኸው፣ በሩ ላይ ቆሟል።