አውፍ ለደብሪቱ

«እኔስ አውፍ ብያታለሁ» አለች ሐዋ፣ ገና ጫማዋን አውልቃ ሳትጨርስ። «ያችን ምስኪን ምራቷን በዝናብ ከቤት ያስወጣችበትንም፣ ወተቷ ላይ መርዝ የጨመረችበትንም፣ ሁሉንም ይቅር ብያታለሁ። አላህም ይማራት።»

የሟች ታላቅ እህት ራቢያ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ አየቻት። ሐዋ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት፤ ጓደኞቿን አስከትላ፣ ሚኒባስ ሞልተው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተው ነው ለቅሶ ሊደርሱ ደሴ የገቡት።

«እህቴ ማንንም አልመረዘችም» አለች ራቢያ። «ፊልም ነው። ዶሮ ሲታረድ እንኳን ጓዳ ገብታ የምትደበቅ ልጅ ነበረች።»

«ወላሂ አውቃለሁ፣ እትዬ። ግን እኮ በጣም ነው የረገምኳት! ማሽኑ ላይ ክር በተበጠሰብኝ ቁጥር ‹የደብሪቱ ዕድሜ ይበጠስ› ስል ነው የከረምኩት። ይኸው ተበጠሰ!» ብላ ሐዋ እዬዬ አለች። አብረዋት የመጡትም ተከተሏት። ራቢያ ሐዘንተኛዋ እሷ መሆኗን ረስታ፣ «አብሽሪ፣ ባንቺ እርግማን አይደለም፣ በኩላሊት ነው» እያለች ለቀስተኛዋን ማጽናናት ጀመረች።

ሟቿ ፋኢዛ ደሴ ተወልዳ አዲስ አበባ ላይ የገነነች፣ አገር ያወቃት የፊልም ተዋናይት ነበረች። ነርስ ሆና ሠርታለች፣ ዳኛ ሆና ሠርታለች፣ የጠፋ ልጇን የምትፈልግ እናት ሆና ስንቱን አስለቅሳ ተሸልማለች። ሕዝቡ አልለቅ ያለው ግን ክፉዋን አማት፣ ወይዘሮ ደብሪቱን ነው። ቀብሩ ላይ ሸህ እንድሪስ እንደ ደንቡ «እሷ ላይ ሐቅ ያላችሁ አውፍ በሏት» ብለው ሲጠይቁ፣ አንዱ ከኋላ «የምራቷንም ይጨምራል?» አለ አሉ። ሸህ እንድሪስ ፊልም የሚባል ነገር አይተው እንደማያውቁ ለሁሉም ይናገራሉ፤ ሰው መርዙ የተጨመረው ወተት ላይ ነው ሲል ግን «እርጎ ላይ ነው» ብለው ያርማሉ።

ሴቶች ቀብር ስለማይወጡ ራቢያ እዚያ አልነበረችም። አውፍም አላለችም። የጨነቃትም ይኸው ነው፤ ፋኢዛ ላይ የእውነት ሐቅ ያለው ሰው ደሴ ውስጥ ቢፈለግ እሷው ናት። ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ የመዝጊያው ዱዓ ተደርጎ ድንኳኑ ይነሳል። እሷ ግን አሁንም እንደተቀየመች ናት።

ራቢያ የሰኞ ገበያ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ያ ፊልም ደሴ የታየ ዕለት አዲስ ቀሚሷን ለብሳ፣ የገበያውን ሴት ሁሉ አስከትላ፣ ከፊት ወንበር ተሰየመች። ደብሪቱ ብቅ አለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ቅንድቧን ሰቅላ፣ ውሸቷን ከመጀመሯ በፊት የአፏን ዳርና ዳር በጣቶቿ ጠረገችና፣ «እንደው ላንቺ ብዬ ነው እንጂ» አለች። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ከዚያ ሰው ሁሉ ፊልሙን ትቶ ዞሮ ራቢያን ማየት ጀመረ። ራቢያ አልገባትም ነበር። የአፏን ዳርና ዳር በጣቶቿ እየጠረገች፣ «ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አለች። ከዚያ በኋላ ፊልሙን የሰማ ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያው ራቢያ ብሎ መጥራቱን ተወ። «ደብሪቱ፣ ሽንኩርቱ ስንት ነው?» ሆነ። ለልጇ ለሁዘይፋ ሽማግሌ ብትልክ እንኳን የልጅቷ እናት «ለደብሪቱማ ልጄን አልሰጥም» ብላ መለሰቻቸው። በስንት ልመና፣ በስንት አማላጅ ነው የተዳረው።

ፋኢዛ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አንድ ጠዋት በስልክ «እታለም፣ በሞቴ አውፍ በይኝ» ብላት ነበር።

«ሰኞ ገበያ መጥተሽ፣ በሰው ፊት ካልጠየቅሽኝ አልልሽም» አለቻት ራቢያ። ሁለቱም ሳቁ። ራቢያ ግን የምሯን ነበር። ትሞታለች ብላም አላሰበች። ፋኢዛ የሞተችባቸው ፊልሞች ብዙ ናቸው፤ ሁልጊዜ በማግስቱ ትደውል ነበር። በዚህኛው ግን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በሣጥን ደረሰች።

ከቀትር በኋላ ደጁ ላይ ሁካታ ተነሳ። ፊልሙ ላይ ምራቲቱን ሆና የሠራችው ሳሚያ ከአዲስ አበባ መጥታ ነው። የኮምቦልቻ ሴቶች ዘለው ከበቧት።

«የኔ ምስኪን! እንኳን ተገላገልሽ!» አለች ሐዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። «ሆድሽንስ ተሻለሽ?»

ሳሚያ እንደምንም ተላቃ ራቢያ አጠገብ ተንበረከከች። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እትዬ ራቢያ፣ ተገናኝተን ባናውቅም ድምፅዎን አውቀዋለሁ። ደብሪቱን ከመቅረጻችን በፊት ፋኢዛ ለእርስዎ ትደውል ነበር። ስፒከር ላይ ታደርግና ‹ሽንኩርት ስንት ገባ?› ትልዎታለች። እርስዎ ይቆጣሉ። ከዚያ ስልኩን ዘግታ ‹በሉ፣ አሁን ካሜራ!› ትላለች።»

«ሁላችሁም ትሰሙኝ ነበር?»

«ሁላችንም። መብራት ሠራተኛው ሳይቀር ቁጣዎን በቃሉ ይዞታል። ‹ገበያ ጥለሽ የሄድሽ ሴትዮ፣ ሽንኩርት ምን አገባሽ!›»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋ አመለጣትና በሻርፗ አፏን ያዘች። የራቢያ ደም ፈላ። እስካሁን አውፍ ብላ ቢሆን ኖሮ አሁን መልሳ ትወስደው ነበር።

«እኔ ናፍቄያት መስሎኝ!» አለች። «ለካ ለሥራዋ ኖሯል። መቼ ነው ቀርጻችሁ የጨረሳችሁት?»

«ደብሪቱን? ኧረ ድሮ ነው፣ ሳትታመም ገና።»

ራቢያ ስልኳን ከጎኗ አንስታ በእጇ ያዘች። ፋኢዛ እስከ መጨረሻዋ ሳምንት ድረስ ጠዋት ጠዋት ስትደውል ነበር። ኦክስጅኑ አፍንጫዋ ላይ እየጮኸ፣ «እታለም፣ ሽንኩርት ስንት ገባ?» ትል ነበር። እዚያ ካሜራ የለ፣ መብራት የለ። ራቢያም በየጠዋቱ ተቆጥታታለች፤ ያችም ቁጣውን እስከ ጫፉ አዳምጣ፣ ስቃ፣ ትዘጋ ነበር። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ይኼኛው ለሥራ አልነበረም።

ከድንኳኑ የሸህ እንድሪስ ድምፅ መጣ። «ወደ ዱዓው ልንገባ ነው። ሐቅ ያለው የቀረ ሰው አለ?»

ሴት ከቤት ውስጥ ሆና ለወንዶች ድንኳን መልስ መስጠቷ ልማድ አይደለም። ራቢያ ተነስታ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«ሸህ እንድሪስ፣ እኔ አለኝ!»

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ስሜን ወስዳብኛለች። ልጄን ያለ ሚስት ልታስቀረው ነበር። አውፍ ብያታለሁ። እርጎውንም ሳይቀር አውፍ ብያለሁ። ለምናኝ ሳልላት ቀረሁ፤ ለኔም ዱዓ አድርጉልኝ።»

«አሚን!» አለ ድንኳኑ፣ ከሁሉ በላይ የሸሁ ድምፅ እየተሰማ።

ራቢያ ተመልሳ ሳሚያ አጠገብ ቁጭ አለች። «ስልክሽን አውጪና ቁጥሬን ያዢ» አለቻት። «ጠዋት ጠዋት ደውይልኝ።»

«ደውዬ ምን ልበልዎት?»

«የፈለግሽውን ጠይቂኝ። እኔ እቆጣሻለሁ።»

ሳሚያ ቁጥሩን ጻፈችና፣ ልክ መሆኑን ለማየት ደወለች። የራቢያ ስልክ እጇ ላይ ጮኸ። ሴቶቹ የምትዘጋው መስሏቸው ነበር። ራቢያ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ስልኩን አንስታ ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ያዘች፣ «ወዬ» አለች።