ባነሩ ላይ ያልገቡት ቁጥሮች

ቤተ ክርስቲያኗ በየመስከረሙ የዓመቱን ቃል ታወጣለች። ቃሉ በባነር ይታተማል፣ በከነቴራ ይለበሳል፣ ባጃጅ ያላቸው ምእመናን የኋላ መስታወታቸው ላይ ይለጥፉታል። ዓመቱ ሲያልቅ ባነሩ የአንዱን ቤት የዶሮ ማደሪያ ከዝናብ ይከልላል። የዘንድሮው ቃል ከመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ ስምንት፣ ቁጥር ሰባት ነበር፦ ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም እንኳ ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል። የመረጡት ሽማግሌው አቶ ዘሪሁን ናቸው። ቱላ መውጫ ላይ ብሎኬት ያመርታሉ፤ ትንሽ ተጀምሮ የሚበዛ ነገር ይገባቸዋል።

ሐሙስ ማምሻውን ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ እትዬ ሙሉ ቤት የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነበር። አቶ ዘሪሁን ገና ሳይቀመጡ ጥናቱን ወደምትመራው መምህርት ዞሩ።

«እህት ሰናይት፣ እሑድ ቃሉን ከመድረክ የምታነቢልን አንቺ ነሽ። ጌታ ድምፅ ሰጥቶሻል።»

ሰናይት ከግንቦት ወዲህ መድረክ ላይ አልወጣችም። በግንቦት የስድስት ዓመት ልጇ ሶልያና በትኩሳት ሞታባታለች። ለቅሶ የመጡ ሁለት የጸሎት ቡድን እህቶች እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ለሰይጣን በር የከፈተ ነገር እንዳለ ቤትሽን መርምሪ» ብለዋት ሄዱ። ሰናይት መረመረች። የራሷን ኃጢአት መረመረች፣ የባሏንም። ጨርሳ የልጅቱን መመርመር ጀመረች፤ ስኳር ትሰርቅ እንደነበር አስታወሰች። የዚያን ዕለት በራሷ ደነገጠችና መጽሐፈ ኢዮብን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«አነባለሁ» አለች። «ግን ዛሬ ማን ለማን እንዳለው አብረን እንይ። ከቁጥር አንድ እንጀምር።»

«ሰባት ይበቃናል።»

«አቶ ዘሪሁን፣ ከሰባት በፊት እኮ ስድስት አለ።»

ጊታሩን የታቀፈው ካሌብ ሳቁ ሲያመልጠው ሳል አስመሰለው።

«እህቴ፣ ቃል ይበላል እንጂ አይበለትም» አሉ አቶ ዘሪሁን። «ጥያቄ ስታበዢም ተጠንቀቂ። በመጽሐፍ ቅዱስ መጀመሪያ ጥያቄ የጠየቀው እባቡ ነው።»

ቤቱ አሜን ሊል አፉን ከፈተ።

«ሁለተኛውን ማን ጠየቀ?» አለች ሰናይት።

«ምኑን?»

«ሁለተኛውን ጥያቄ። ‹አዳም ወዴት ነህ› ያለው ማን ነው?»

አሜኑ ከየአፉ ተመለሰ።

እትዬ ሙሉ ሻይ መቅዳታቸውን ተዉ። «አንብቢ ልጄ» አሉ። «ቤቱ የኔ ነው፣ መብራቱም ዛሬ አልሄደም። ስድስት ቁጥር ምን ያደርገናል?»

ሰናይት አነበበች። ተናጋሪው እግዚአብሔር አልነበረም፤ በልዳዶስ የሚባል የኢዮብ ወዳጅ ነው። ኢዮብ ልጆቹን ሁሉ ባንድ ቀን አጥቶ አመድ ላይ ተቀምጧል፣ በልዳዶስ ሊያጽናናው መጥቷል። አራተኛው ቁጥር ላይ ድምፅዋን ዝግ አደረገች። ልጆችህ በድለውት እንደሆነ በበደላቸው እጅ ጥሏቸዋል፣ ይላል።

ወደ መጨረሻው ምዕራፍ ገለጠች። እዚያ እግዚአብሔር ራሱ በእነዚህ ወዳጆች ላይ ተቆጥቷል፤ ስለ እርሱ ቅን ነገር አልተናገሩማ።

«ባነር ላይ የሰቀልነው» አለች፣ «እግዚአብሔር የተቆጣበትን ሰው ንግግር ነው። ለዚያውም ለቅሶ ቤት የተናገረውን።»

አቶ ዘሪሁን ሞኝ ሰው አይደሉም። ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ የኢዮብ መጨረሻ አልበዛለትም?» አሉ።

«በዝቶለታል። በበልዳዶስ ምክር ግን አይደለም። ኢዮብ ልጆቼ በድለው ነው ብሎ አላመነለትም፤ እግዚአብሔርን ራሱን ሲጠይቅ ከረመ። እግዚአብሔርም ቅን የተናገረው እሱ ነው አለ። የሞቱት ልጆች ደግሞ አልተመለሱም።»

«ባነሩ ታትሟል፣ ሰናይት።»

«አይቼዋለሁ። ያምራል።»

«እሑድ ታነቢያለሽ አታነቢም?»

«ከአንድ እስከ ሰባት፣ ከዚያ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነባለሁ። ሰባትን ብቻ ከፈለጉ ሌላ አፍ ይፈልጉ። እኔ የበልዳዶስን ንግግር የእግዚአብሔር ነው ብዬ በገዛ አፌ ልጄን አልከስም።»

«ይሄ እኮ ዓመፅ ነው።»

«ማንበብ ነው፣ አቶ ዘሪሁን።»

ሌላ አፍ አልተገኘም። ካሌብን ቢጠይቁት ጉሮሮዬን አሞኛል አለ። ስለዚህ እሑድ ዕለት አቶ ዘሪሁን ራሳቸው ወጥተው ሰባትን ብቻ አነበቡ። ሰናይት እቤቷ ትቀራለች ያሉ ነበሩ፤ እሷ ግን እንደ ወትሮዋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ ባነሩ ፊት ለፊት፣ ከእትዬ ሙሉ ጎን ተቀምጣለች። ቃሉ ሲነበብ አልተነሳችም፣ አሜንም አላለች። የጸሎት ቡድኗ እህቶች ከኋላ ሲያንሾካሹኩ ትሰማለች።

ከንባቡ በኋላ እንደ ልማዱ፣ «አሁን አጠገባችሁ ወዳለው ሰው ዙሩና ፍጻሜህ ይበዛል በሉት» አሉ አቶ ዘሪሁን። አዳራሹ ግማሹ ወደ ግማሹ ዞረ፣ ሁሉም ለሁሉም መብዛትን አደለ።

እትዬ ሙሉም ዞሩ። የሰናይትን እጅ ያዙ።

«ልጅሽ አልበደለችም» አሏት።

«ድምፃችሁ አልተሰማኝም» አሉ አቶ ዘሪሁን በማይክሮፎኑ። «ጮክ ብላችሁ በሉት።»

እትዬ ሙሉ ከመድረክ የታዘዙትን እምቢ ብለው አያውቁም። ጮክ ብለው ደገሙት።