የከለከልኩት ስም

ከኃይለመስቀል ጋር የተጣላነው በመጣ በማግስቱ ነው፤ የተጣላነውም በባና ነው።

ጥቅምት 1981 ዓ.ም. ነበር። ሞላሌ ለሚገኘው የበግ እርባታ ፕሮጀክታችን ውጭ አገር ያሉ ረጂዎች አንድ ኮምፒዩተር ላኩ። ባለሙያው ኃይለመስቀል ከአዲስ አበባ ይዞት መጣና ጠረጴዛ ላይ ተክሎ ሊያርፍ ወጣ። እኔ የቢሮው ጸሐፊ ነኝ። የሞላሌን ውርጭ ስለማውቀው የእናቴን የበግ ጠጉር ባና አምጥቼ ጥሩ አድርጌ ሸፈንኩት። ጠዋት ገብቶ ሲያየው ጮኸ።

«ማነው ይኼን ማሽን በግ ያስመሰለው?»

«እኔ ነኝ። ምን ታመጣለህ?»

«ሱፍ እኮ ብናኝ ነው! ሲታሽ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ብርድ ምንም አያደርገውም፣ ሱፍ ግን ይገድለዋል።»

«አዲስ አበቤ መንዝ ድረስ መጥቶ ስለ ሱፍ ያስተምረን!» ብዬ ባናዬን ገፍፌ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ግን አሮጌ ጋቢ አጥቤ ይዤ ተመለስኩ። «ጥጥስ ይገድለዋል?» አልኩት። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ታይፕ ያስተማረኝ የለም፤ የገበሬ ማኅበሩ የጣለውን ስብርባሪ ለምኜ ወስጄ፣ ሦስት ፊደል የጎደለው መሣሪያ ላይ ተለማምጄ ሳላይ መምታት የቻልኩ ነኝ። ስለዚህ ኃይለመስቀል «ነይ ላስተምርሽ» ሲለኝ «አንተ ሥራ፤ እኔ አያለሁ» አልኩት። አየሁም። ያየሁትን ሁሉ በደብተር ጻፍኩ። ጄኔሬተሩ ከመጥፋቱ በፊት ኮምፒዩተሩ ይጠፋል። የሠሩትን ሁለት ቦታ ይገለብጡታል፤ አንዱ ቅጂ ከቢሮ ውጭ ያድራል፤ ስለዚህ አንዱን ዲስክ የእናቴ ሙዳይ ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ያልተፈተሸ ቅጂ ቅጂ አይደለም። የይለፍ ቃል በወረቀት አይጻፍም፣ በሰው እጅ አይላክም። የት እንደዋለ ያልታወቀ ዲስክ አይገባም።

በዚህ በመጨረሻው ከአለቃችን ከአቶ ገብረየሱስ ጋር ተናንቀናል። ከደብረ ብርሃን አንድ ዲስክ ይዘው መጡ፤ ጨዋታ አለበት አሉኝ።

«የማን ማሽን ውስጥ ገብቶ ነው የመጣው?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ?»

«እንግዲያው እርስዎም አያውቁት፣ እኔም አላስገባው።»

ኃይለመስቀል አንገቱን ደፍቶ ወረቀት የሚያነብ መሰለ። ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

የይለፍ ቃልን ነገር ለቢሮው ሰው ያስረዳሁት እኔ ነኝ። እሱ በእንግሊዝኛ ቢደክም የገባው ሰው አልነበረም። «የክርስትና ስም ማለት ነው» አልኳቸው። «ቄሱና እናትህ ብቻ የሚያውቁት፤ ጠላት እጅ ከገባ የሚደገምብህ። እንደዚያ ደብቁት።» ሁሉም ወዲያው ገባቸው። መግባትስ ገባቸው፤ ግን ቢሮው በሙሉ እውነተኛ የክርስትና ስሙን የይለፍ ቃል አድርጎት አረፈው!

ኃይለመስቀል በሳምንቱ የአቶ ገብረየሱስን ፋይል ፊታቸው ከፈተው። ደነገጡ። ለካ ለመድኃኔ ዓለም ባስገቡት ጃንጥላ ጫፍ ላይ የክርስትና ስማቸው በወርቅ ክር ተጠልፏል፤ እሱ ቅዳሴ ቆሞ አንብቦታል። ሾፌራችን ሽኩር ግን ፎከረ።

«የእኔን ክፈታ! ክርስትና ያልተነሣሁ ሰውዬ ስሜን ከየት ታመጣዋለህ?»

እውነትም አልተከፈተለትም። የእኔም አልተከፈተለትም። የአባቴን ስም፣ የእናቴን ስም፣ የተወለድኩበትን ጎጥ ስም ሞከረ። የራሱን ስም መሞከር ግን አልታሰበውም።

ግንቦት ላይ፣ ከቢሮ ስንወጣ፣ አጥሩ ጋ አቆመኝ።

«አረጋሽ፣ የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ምን ሊደረግበት? ደብተራ ቤት ልትወስደው?»

«ለጸሎት ነዋ።»

«ለጸሎትማ እኔው አለሁ» ብዬው መንገዴን ቀጠልኩ። አሥር እርምጃ ስሄድ ልቤ ተመለሽ ተመለሽ አለኝ፤ አንገቴ ግን አልዞር አለ። ሰው የክርስትና ስም የሚጠይቀው መቼ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። ሊርቅ ሲል ይጠይቃል። ሊቀርብ ሲልም ይጠይቃል። የትኛው እንደሆነ ግን አልጠየቅሁትም።

ሰኔ ላይ የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ ደረሰው። የሰጡት ሦስት ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮምፒዩተሩን አስነሥቶ አንድ ፋይል አሳየኝ። ስሜ ተጽፎበታል።

«ተዘግቷል» አለ። «ቁልፉ የከለከልሽኝ ነው።»

«ምን ከለከልኩህ?»

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ውጭ ሽኩር ጡሩምባ ነፋ። ኃይለመስቀል እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት፤ ሄደ።

መኪናው ከዳገቱ ሳይሰወር ተቀምጬ የክርስትና ስሜን ጻፍኩ። አልከፈተም። ማሽኑ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ስለነበረው በአንድ ኢ፣ በሁለት ኢ፣ በኬ፣ በኪው ጻፍኩ። አልከፈተም። እንግዲያው ሌላ የከለከልኩት ነገር ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ፎቶግራፍ ስጪኝ ሲለኝ «ፊቴን አይተህ አልጠገብክም?» ብዬዋለሁ፤ «ፎቶ» ብዬ ጻፍኩ። ቀየት ገበያ አብረን እንሂድ ሲለኝ «ለበግ ተራ አትመችም» ብዬዋለሁ፤ «ቀየት» ብዬ ጻፍኩ። አንድ ቀን እጄን ሊይዝ ሲል «ዲስክ አይደለሁም» ብዬዋለሁ። እሱንም ጻፍኩት። ያን ያህል መከልከሌን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

መስከረም ላይ ከሰሜን አንድ ደብዳቤ መጣ። ፖስታው ተከፍቶ እንደገና የተለጠፈ ነው። «ለጤናዬ ደህና ነኝ። አቧራውን ጥረጊ። ቅጂውን ፈትሺ። ኃይለመስቀል።» ሌላ የለውም። «ቅጂውን ፈትሺ» የምትለዋን ብቻ ስንት ጊዜ አነበብኳት! ፈትሺ ማለቱ ፈልጊኝ ማለቱ ይሆን እያልኩ።

ኅዳር 1982 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ እኛ ቀረበ ተባለና ንብረቱ ወደ አዲስ አበባ እንዲጫን ታዘዘ። አቶ ገብረየሱስ ረቡዕ ጠዋት ጠሩኝ። «ነገ በማለዳ መኪናው ይነሣል። የበጎቹን መዝገብ በዲስክ ገልብጪና ማሽኑ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ። መንገድ ላይ ምን እንደሚገጥም አይታወቅም።»

ገለበጥኩ፤ አጠፋሁ። ያቺን አንዷን ፋይል ግን እጄ እምቢ አለኝ። በዲስክ ገልብጬ ባስቀራትስ? ያለ ኮምፒዩተር ዲስክ ጥቁር ካርቶን ነው። ከሞላሌ እስከ ዓለም ከተማ ብትሄዱ ሌላ ኮምፒዩተር የለም። እስከ ነገ ካልከፈትኳት የኃይለመስቀል ቃል ከእኔ ጋር አለቀ።

ምሳ ልበላ ቤት ገባሁ። እናቴ፣ የትምወርቅ፣ ያልነካሁትን ሽሮ አየችው።

«ምን አድርጎሽ ነው?»

«ማሽኑን ሊወስዱት ነው።»

«ያን የኃይለመስቀልን? ወይ ልጅ! ደህና ልጅ ነበር። ስምሽን እንኳ ሲጠይቀኝ ጉልበቴን ስሞ ነው።»

እጄ ሞሰቡ ላይ ቀረ። «የቱን ስም?»

«የክርስትናሽን ነዋ። ሊዘምት ሲል መጣ፤ ‹ለጸሎት ነው እማማ፣ እርስዎ አይከልክሉኝ› አለኝ። ነገርኩት።»

«አልነገርሽውም! ሞክሬዋለሁ፣ አይከፍትም!»

«ምኑን ነው የሚከፍተው?» አለችና ትንሽ አሰበች። «ደሞ ደህናውን ነገርኩት መች አልኩሽ? ወጥቶ አደሩን፣ ዘሩን የማላውቀውን ሰው? የልጄን ስም አውጥቼ? የእኅቴን የጥሩሸዋን ነገርኩት።»

አክስቴ ጥሩሸዋ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

«እማዬ! እንግዲህ እሱ አምስት ወር ሙሉ ለአክስቴ ጥሩሸዋ ነው የሚጸልየው?»

«ይጸልይላታ! ልጅ አልወለደች፣ ማን ያስባታል? እሷም ሰው አገኘች።»

ሳቄ መጣ። ከሳቄ ኋላ ሌላ ነገር ሲከተል ስላወቅሁት ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ወጣሁ።

ቢሮ ስደርስ ኮምፒዩተሩ ፒክአፑ ላይ ነው። ሽኩር ገመድ ያጠብቃል። በምን እንደጠቀለለው ገምቱ፤ በባና።

«አውርደው ጋሽ ሽኩር!»

«አብደሻል? አሁን ነው እኮ የጫንኩት!»

አቶ ገብረየሱስ ወጡ። «ጨርሻለሁ አላልሽኝም እንዴ?»

«ቅጂዎቹን አልፈተሽኳቸውም። ያልተፈተሸ ቅጂ ቅጂ አይደለም። የአንድ ዓመት የበግ መዝገብ አዲስ አበባ ደርሶ አልከፈት ቢል ማን ይጠየቃል? እኔን ማን ያውቀኛል? እርስዎ ነዎት።»

ፊታቸው ተለወጠ። «አውርደው» አሉ።

ሽኩር ሲያወርድ ጎንበስ ብሎ «ይሄ የበግ ነገር አይመስለኝም» አለኝ።

«በግ ነው» አልኩት።

«ቀንድ ያለው ነው እንግዲህ።»

ጄኔሬተሩ ተነሣ። አቶ ገብረየሱስ ሁለት ዲስክ ሲፈተሽ አዩና ሰልችቷቸው ወጡ። እኔም ጻፍኩ። የሞተ ሰው ስም አይደገምበትም፣ ልንገራችሁ፤ አክስቴ ወለተ ሐና ትባል ነበር። ኃይለመስቀል የመንደር ስም ሲጽፍ እንደሚያደርገው አደረግሁት፤ እንደ ‹ወ› እና ‹ለ› ያለውን ግዕዝ ፊደል ሁሉ በኢ።

ተከፈተ።

«አረጋሽ፣ ስምሽን ሰረቀኝ አትበይ፤ ከእናትሽ በምርቃት የተቀበልኩት ነው። በደረስኩበት ቤተ ክርስቲያን ሁሉ በዚህ ስም አስጸልይልሻለሁ። ቤተ ክርስቲያን ባላገኝም ስተኛ እጠራዋለሁ። ከአንቺ ስም ጋር እንዲሆን የፈለግሁት የእኔ ስም ነው፤ እሱን ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ። ከተመለስኩ ሁለቱን አንድ ላይ ለሞላሌ ቄስ እንነግራቸዋለን። ካልተመለስኩም ስሙ በእጅሽ ነውና አስጠሪልኝ። ባናሽን ስለሰደብኩት ይቅርታ አድርጊልኝ፤ እዚያ ብርዱ ይበረታል ይላሉ።»

ከሥር የክርስትና ስሙ አለ።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ዲስክ አላስቀረሁም፣ ወረቀት ላይ አልገለበጥኩም። ጨርሶ በቃሌ መያዙን አረጋግጬ አጠፋሁት። ደብተሬ የሚለው እንደዚያ ነው።

የራሴን ግን ደብተሬ እንደሚለው አላደረግሁም። ሐሙስ ማለዳ ሽኩር ሞተር ሲያሞቅ፣ መስከረም በመጣው ደብዳቤ አድራሻ ለኃይለመስቀል ጻፍኩ። ፖስታውን እነማን እንደሚከፍቱት አውቃለሁ፤ ቢሮ ለቢሮ የተጻፈ እንዲመስል አደረግሁት። «ቅጂው ተፈትሿል። ባለሙያው የያዙት ቁልፍ የሌላ ሰው ሆኖ ተገኝቷል። ቁልፉ ስለተቀየረ ከዛሬ ጀምሮ በአዲሱ ይጠቀሙ።» ከዚያ በታች የክርስትና ስሜን ጻፍኩ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል አይደለም፣ በደንቡ በግዕዝ። ለእናንተማ አልነግራችሁም።

በወረቀት ጻፍኩ። በሰው እጅ ላክሁ። ሽኩር ፖስታውን ተቀብሎ ደረት ኪሱ አስገባው።

«በጉን ነው?» አለኝ።

«በጉን ነው። ደብረ ብርሃን ፖስታ ቤት፣ በራስህ እጅ።»

ባናውን ከኮምፒዩተሩ ላይ ገፍፌ በጋቢዬ ሸፈንኩለት። ሄደ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ለቄሱ የኃይለመስቀልን ስም በጆሯቸው ነገርኳቸው። አዲስ ስም ሆነባቸውና ቀና ብለው አዩኝ።

«ከሙታን ነው ከሕያዋን?»

መልስ ለመምጣት ገና ነው። ደብዳቤዬም ይድረስ አይድረስ የማውቀው ነገር የለም።

«ከሕያዋን ነው አባ» አልኳቸው። «ደግሞ የአክስቴን ስም ወደ ሙታን ወገን ይመልሱልኝ፤ በስሕተት ወደ እኛ መጥታ ነበር።»